ሆሪ፦ የከብት ክብር በወለጋ

ወለጋ ውስጥ ሽማግሌ ተነስቶ ሲመርቅ ቀድመው ከሚወጡት ቃላት አንዱ «ሆራ ቡላ» ነው። እርቡ፣ ብዙ፣ በሰላም እደሩ እንደማለት ነው። «ሆሪ» የሚለው ስምም የተወለደው ከዚሁ መርባትን ከሚገልጸው ግሥ ነው። ሆሪ ማለት በመጀመሪያ ከብት ነው፤ ቀጥሎ ሀብት ነው፤ ዛሬ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ደግሞ በኪስ ያለውን ብር ሆሪ የሚለው ሰው ብዙ ነው። አማርኛውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በድሮው አማርኛ «ከብት» ሲባል በጋጣ የሚታሰረው እንስሳ ብቻ ሳይሆን ሰው ያፈራው ንብረት ሁሉ ይጠራበት ነበር። ሁለቱም ቋንቋዎች ሀብትን ሲያስቡ መጀመሪያ የታያቸው በረቱ ነው ማለት ነው።

ይሁንና የወለጋ ታሪክ ሲተረክ ስለ በረቱ ብዙ አይወራም። የሚወራው ስለ ወርቁ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ ቡናውና ስለ ነቀምቴ ገዥዎች ነው። ለመሆኑ ማሳውን ያረሰው፣ ለጥሎሽ የተነዳው፣ ለፈሰሰ ደም ካሣ ሆኖ የተቆጠረው እንስሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንት መስመር ተሰጥቶታል? ሰውስ ከብቱን ያከብር የነበረው በምን መንገድ ነው? ይህ ክብር ዛሬ ምን ላይ ደረሰ? ለጥያቄዎቹ መልስ ለመፈለግ በቅድሚያ ወደ ሌላ አገር ጎራ ብለን መመለሳችን ይጠቅመናል።

ለበሬ የተሰጠ ቀን

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ህንዳውያን መምህራኑን አይዘነጋም። ሂሳቡንና ሳይንሱን ካስተማሩት ከእነዚህ ሰዎች መካከል ከአገራቸው ደቡባዊ ክፍል የመጡ ነበሩባቸው። በዚያው በደቡብ ህንድ፣ በታሚሎች ምድር፣ ለበሬና ለላም የተለየ ቀን አለ። እኛ ለጥምቀት ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በጥር አጋማሽ፣ ታሚሎች አዲሱን ሩዝ ሰብስበው «ፖንጋል» የሚባለውን የመኸር በዓላቸውን ያከብራሉ። ፖንጋል ማለት ገንፍሎ መፍሰስ ነው። አዲሱን ሩዝ በወተት ቀቅለው ከድስቱ አፍ ሲገነፍል በእልልታ ይቀበሉታል።

በዓሉ አራት ቀን ይቆያል። ሦስተኛው ቀን «ማቱ ፖንጋል»፣ የከብት ፖንጋል ነው። በዚያ ቀን በሬ አይጠመድም። ከብቱ ይታጠባል፤ ቀንዱ ተወልውሎ ቀለም ይቀባል፤ አንገቱ ላይ አበባና ቃጭል ይንጠለጠልለታል፤ ከተቀቀለው ሩዝም ይጎርሳል። ለዚህ የሚነገረው ተረት ደስ ይላል። ሺቫ የተባለው አምላካቸው ናንዲ የተሰኘውን በሬውን «ሂድና ሰዎች በየቀኑ ዘይት ተቀብተው እንዲታጠቡ፣ በወር አንድ ጊዜ እንዲበሉ ንገራቸው» ብሎ ወደ ምድር ይልከዋል። በሬው ግን መልእክቱን አገላብጦ «በየቀኑ ብሉ፣ በወር አንድ ጊዜ ታጠቡ» ብሎ ይናገራል። አምላኩም ተቆጥቶ «እንግዲያው በየቀኑ የሚበሉትን እህል አንተው አርሰህ አምጣላቸው» ሲል ወደ ምድር ሰደደው ይባላል። እንግዲህ በተረቱ መሠረት የሰው ልጅ የበሬ ባለ ዕዳ ነው። በዓመት አንድ ቀን ቀንዱን ቀለም መቀባት ዕዳውን ባይከፍልም ማስታወሻ ይሆናል።

የወለጋ ኦሮሞ ለከብቱ የሰጠው ክብር ግን በአንድ ቀን የተጠቀለለ አይደለም። በዓመቱ ላይ፣ በሥራው፣ በምግቡ፣ በሕጉና በምርቃቱ ላይ የተበተነ ነው። የተበተነ ነገር ደግሞ ለመንገደኛ ዓይን ቶሎ አይታይም። ቀስ ብሎ የጎደለ እንደሆነም መጉደሉ አይታወቅም።

ከማሳ ማሳ የሚዞር በረት

ከበረቱ እንነሳ። በወለጋ ገጠር የከብት ማደሪያው «ዳላ» ይባላል። ብዙ ቦታ ይህ ዳላ ባለበት ጸንቶ አይኖርም። ከብቱ ጥቂት ሌሊት አንድ ቦታ ካደረ በኋላ አጥሩ ተነቅሎ ትንሽ ወረድ ብሎ ይተከላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይነሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሳውን ያዳርሰዋል። ከብቱ ያደረበት መሬት በፋንድያውና በሽንቱ ይወፍራል፤ በላዩ በቆሎው ወይም ዳጉሳው ይዘራል። እረኞቹም አብረው ይጓዛሉ። «ጎዶ» የምትባለው ትንሽ ጎጆ ከዳላው አጠገብ ትተከልና ሌሊቱን እዚያው ሆነው ከብቱን ከአውሬና ከሌባ ይጠብቃሉ።

አንድ ወለጌ አባወራ ከብት ሲያበዛ የከተማ ሰው «ለታይታ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አርባ ከብት ያለው ሰው ሰፊ ማሳ ያዳብራል፤ አራት ያለው ጠባብ ማሳ ያዳብራል፤ ምንም የሌለው የጎረቤቱ ከብት ማሳው ላይ እንዲያድርለት ይለምናል። የመሬቱ ልምላሜ በእንስሳቱ ሆድ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ የከብት ክብር ከሃይማኖትና ከዘፈን በፊት ሥራ ላይ የቆመ ነበር።

በጎዶ ያደገ ልጅ ከብቱን በስም ይለያል። ስሙ ብዙ ጊዜ ከመልኩ ይወጣል። ዥጉርጉሩ ቡሬ፣ አመዳዩ ዳለቻ ይባላል። ልብ ብሎ ለሰማ ሰው እነዚህ ስሞች የጎጃምና የሸዋ አራሽም በሬውን የሚጠራባቸው ናቸው። ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ገበሬዎች በሬያቸውን በአንድ ስም መጥራታቸው የገበያና የጉርብትና ታሪክ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ሆራ» ነው። ሆራ ማለት ጨው ያለበት፣ ማዕድን የያዘ ውሃ ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘውና ለእሬቻ በዓል ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሆራ አርሰዲም ስያሜው ከዚሁ ቃል ነው። በምዕራቡ አገር ከብቱን በየወቅቱ ሆራ ወዳለበት መንዳት የቆየ ልማድ ነው። ከሩቅ የሚመጣ መንጋ መንገድ ላይ ያድራል። ይህን ለመረዳት ጨው በዚያ አገር ምን ያህል ውድ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። አሞሌው ከሰሜን በረሃ ተጭኖ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወለጋ ሲደርስ ገንዘብ ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ገንዘብን ለላም ማላስ ለሁሉም የሚቻል አይደለም። ሆራ ግን ያለ አሞሌ ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ነው። ከብቱ ከሆራ ሲመለስ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ወተቱ ይጨምራል ይባላል።

ለከብት የሚዘፈነው «ዌዱ ሎኒ» የሚሰማውም በግጦሹ፣ በሆራው መንገድና በማታው መመለሻ ላይ ነው። ሎን ማለት ከብት ነው፤ ዌዱ ደግሞ ዜማ። በዚህ ዘፈን እረኛው የላሟን ቀንድ፣ መልክ፣ አረማመድና ወተት እያነሳ ያወድሳል። ከብት የሌለውን ሰው ብቸኝነት ያነሳል። ሙሽራ እንደምትወደስ ላምም ትወደሳለች።

ከግጦሹ ወደ ቤት ስንገባ ቅቤውን እናገኛለን። ወፍራም የጤፍ ቂጣ በቅቤና በእርጎ ርሶ የሚቀርበው «ጩምቦ» የወለጋ የክብር ምግብ ነው። እንግዳ ወይም በዓል ሲመጣ ይሠራል። ከሴቶቹ ሥርዓት መካከል ደግሞ «አቴቴ» አለ። አቴቴ የመውለድና የመራባት ልመና ነው፤ ልመናው ለሴቲቱም ለላሟም ነው። መሐን ሴትና የምትጨነግፍ ላም በአንድ ጸሎት ውስጥ ይነሳሉ። በእሬቻም ሰው ወደ ውሃ ሲወርድ እጁ ላይ የሚይዘው እርጥብ ሣር ነው። ሣሩ ከብቱን ያኖራል፤ ከብቱ ሰውን ያኖራል። የምስጋናው ምልክት ከዚያ መወሰዱ ያለ ነገር አይመስልም።

ዋስና ዳኛ

ከብት ሕግም ነበር። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚረከበው ትውልድ በስምንት ዓመት አንዴ በሚደረገው «ቡታ» ኮርማ ያርዳል። ነፍስ ያጠፋ ወገን ከሟች ዘመዶች ጋር ሲታረቅ «ጉማ» የሚባለው ካሣ የሚቆጠረው በከብት ነው። ልጅ ሲዳር ለሴቲቱ ቤተሰብ ከብት ይነዳል። ጋብቻውን፣ እርቁንና ሥልጣኑን በምስክርነት ያጸናው ይኸው እንስሳ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ደባሬ» ነው። ከብት የበዛለት ሰው የምትታለብ ላም ለሌለው ሰው ይሰጣል። ተቀባዩ ላሟን ያበላል፣ ይጠብቃል፤ በለውጡ ወተቷን ይጠጣል። ላሟም ሆነ ጥጃዋ ግን የባለቤቷ ናት። ሰጪው ለከብቱ ጠባቂና ግጦሽ ያገኛል፤ መንጋው በአንድ ቦታ ተከማችቶ በአንድ በሽታ ከማለቅ ይድናል። ተቀባዩ ደግሞ ለልጆቹ ወተት ያገኛል። ከብት የሞተበትን ወይም የተዘረፈበትን ሰው ዘመድ አዝማድ ተሰባስቦ የሚያቋቁምበት «ሂርጳ» የሚባል ልማድም አለ። ባንክም ኢንሹራንስም ባልነበረበት አገር እነዚህ ሁለት ልማዶች የባንኩንና የኢንሹራንሱን ሥራ ይሠሩ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እውነት ነው። በወለጋ ግን ላም ከድሀው ጋርም ትውላለች።

የመንጋው መጨረሻ

እንግዲህ ይህ ሁሉ የቆመበት ምሰሶ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ምን ይሆናል? ታሪኩ ለጥያቄው መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1887 መጨረሻ ላይ ምጽዋን የያዘው የጣልያን ጦር ለሠራዊቱ ከብት በባሕር አስመጣ። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ከብቱ የመጣው ከህንድ ነው፤ በሽታም ይዞ ነበር። የእኛ ገበሬ ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል። ምናልባት በእውነተኛ ስሙ ላለመጥራት ይሆናል። በሽታው ከምጽዋ ተነስቶ ደጋውን አዳረሰ፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብም ዘለቀ። ከ10 ከብት 9 አልቋል የሚለው ግምት በብዙ ጽሑፎች ላይ ይገኛል። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደርበው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ «ክፉ ቀን» አሰኙት። በሬ ስላልነበረ ማሳው ጦም አደረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል። ቸነፈሩ ኢትዮጵያ ላይ አልቆመም፤ በ10 ዓመት ውስጥ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። ለበሬ ቀንድ ቀለም ከሚቀባበት አገር የመጣ ከብት ለላም ከሚዘፈንበት አገር መንጋውን ጨረሰ። ጥፋቱ ግን የእንስሳቱም የህንዳውያኑም አልነበረም። ከብትን በመርከብ እንደተጫነ የጦር ስንቅ ብቻ ያየው ወራሪ ኃይል ያመጣው ነበር።

ይህ የሆነው ለወለጋ በከፋ ሰዓት ነው። የነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ዳጬ ገብረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሞቱ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ ቦታውን ተረከቡ። ኩምሳ አገር የተረከቡት እንግዲህ በክፉ ቀን መካከል ነው። ከላይ ያየናቸውን አንድ በአንድ ብናስብ ጉዳቱ ይገባናል። ዳላው ባዶ ሲሆን ማሳው ይሳሳል። ጥሎሽ የሚነዳ ይታጣል። ጉማ በምን ይከፈላል? ደባሬ ማን ለማን ይሰጣል? ሁሉም በአንድ ጊዜ ካጣ ሂርጳ የሚያዋጣ አይገኝም። የከብት ሞት የሥጋና የወተት እጦት ብቻ ሳይሆን የዘመድነት መፍረስ ነበር።

መዘዙ በዚያ አላበቃም። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቦታ እንደታየው ከብት ሲያልቅ የግጦሹ መሬት ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ቁጥቋጦው የቆላ ዝንብ ማደሪያ ይሆናል። በዲዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ይህ ዝንብ የሚያስተላልፈው «ገንዲ» እስካሁን የበሬ ጠላት ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላውም ቦታ መጥተው በአንገር ጉትን የሰፈሩ ገበሬዎች ይህን ጠላት በሬያቸው ሲሞት አውቀውታል።

ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ

በሽታው በገባበት በዚያው በምጽዋ አቅራቢያ፣ እምኩሉ በተባለው የስዊድን ሚስዮን ጣቢያ፣ በእነዚያው ዓመታት ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብና እንደእርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ምሳሌያዊ ንግግር፣ ዘፈንና ተረት እየሰበሰቡ ይጽፉ ነበር። በኦሮምኛ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። መንጋው ባለቀ ማግስት ቃሉ በወረቀት መትረፉ እንደ ትልቅ ነገር ሊቆጠር ይገባል።

ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ደርሶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 አረፈ። ይሁንና ከትምህርቱ ጋር የመጣው አዲስ እምነት፣ ከእርሱ በፊት የገባው ኦርቶዶክሱም ሆነ በኋላ የተስፋፋው ወንጌላዊው፣ አቴቴንና መሰል ሥርዓቶችን እንደ ባዕድ አምልኮ አየ። ብዙው ሰው ሥርዓቱን ተወ። ጩምቦውና ደባሬው ግን ጸሎት ስላልሆኑ ተረፉ። ሆላንዳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ላምበርት ባርተልስ በወለጋ ረጅም ጊዜ ኖሮ የምዕራብ ኦሮሞን እምነትና ሥርዓት የሚመለከት መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያሳትም፣ ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳው ብዙ ነገር በወጣቱ ዘንድ እየተዘነጋ ነበር።

ሌላም የክብር ዓይነት በዚያው ዘመን ተወልዷል። እሱም ክትባት ነው። ዋልተር ፕሎውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ያገኘው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ተሰራጨ። ደብረ ዘይት ያለው የእንስሳት ጤና ተቋማችንም ክትባቱን አምርቷል። በየቀበሌው ከብት እየሰበሰቡ መርፌ የወጉ ባለሙያዎች ስም በታሪክ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም። ድካማቸው ግን ፍሬ አፍርቷል፤ ደስታ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ገጽ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

አሁንስ?

ኢትዮጵያ ዛሬ ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት አላት። ቁጥሩ ከአፍሪካ አንደኛ ያደርጋታል። ቡናማ መልክና ረጅም ቀንድ ያለው የሆሮ ዝርያም በወለጋ ይገኛል፤ ባኮ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከልም አጥንቶታል። ስለዚህ ጉዳዩ የቁጥር አይደለም። ግጦሹ እየታረሰ ጠቧል። ልጁ ትምህርት ቤት ስለሚውል ጎዶ የሚያድር እረኛ ይታጣል፤ ልጁ መማሩ ደግሞ የሚያስቆጭ አይደለም። የዳላውን ሥራ የፋብሪካ ማዳበሪያ ሊተካ ገብቷል፤ ዋጋው ሲንር ግን ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭትም ከቤቱ ሲፈናቀል ከብቱን የተነጠቀ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሰው የጠፋው ምን እንደሆነ ከላይ ያየነው ይናገራል። ለመቋቋሚያ የሚሰጠው እህል ለጊዜው ያኖረዋል፤ ወደ ጎረቤትነት የሚመልሰው ግን ላሚቱ ናት።

ታሚሎች በቅርቡ ያሳዩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅሳል። በፖንጋል ሰሞን ወጣቶች የኮርማ ሻኛ ይዘው የሚታገሉበትን «ጃሊካቱ» የተባለ ጨዋታ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 አገደው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የከተማ ወጣቶች በቼናይ የባሕር ዳርቻ በገፍ ወጥተው ተቃወሙ፤ የግዛቷ ምክር ቤት ጨዋታውን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉን አጸናው። በጨዋታው ላይ ሰውም እንስሳም ይጎዳል፤ ተቺዎቹ ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም። ሆኖም ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ የከተማ ልጅ ስለ አገሩ በሬ ዘር መጥፋት አደባባይ መውጣቱ ልብ የሚባል ነው።

ወለጋ ቀንድ የሚቀባበት አዲስ በዓል አያስፈልገው ይሆናል። የሚያስፈልገው ያለውን ማወቅ ነው። በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም የአካባቢው ባህላዊ ዕቃ ተሰብስቦ ይገኛል። ዕቃ መሰብሰብ መልካም ነው። ነገር ግን ዌዱ ሎኒ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ፣ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ሆነ በልጅ ልጆቻቸው መቅረጸ ድምፅ ሊቀዳ ይችላል። ደባሬና ሂርጳም ለጥናት ወረቀት ማድመቂያ ብቻ የሚሆኑ አይደሉም፤ ከብቱን ያጣውን ገበሬ መልሶ ለማቋቋም ለሚያስብ ሁሉ ከአገሩ የበቀለ መንገድ ናቸው። ክፉ ቀን ያስተማረን ከብት ሲያልቅ ሰው ከሰው እንደሚለያይ ነው። ሰውን ከሰው መልሶ ለማገናኘትም አንዲት የምትታለብ ላም ከአንድ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ መነዳቷ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሆራ ቡላ።